በደጃቸው ያልታረደው በሬ

አቶ ትዕዛዙ ወንዳወቅ ከአባታቸው ከአቶ ወንዳወቅ ክንዱና ከእናታቸው ከወ/ሮ አቻምየለሽ ድረስ በ1943 ዓ.ም. ከቡሬ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር መንደር ተወለዱ። ከቄስ ትምህርት በኋላ ቡሬ ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ፤ ልባቸው ከከብት ጋር ነበርና ደብተሩን ትተው ወደ በሬዎቻቸው ተመለሱ። በ1966 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሀብትነሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ፋናዬንና የሺጥላን ወለዱ።

ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ቡሬ ላይ በሬ በማድለብ ተዳደሩ። በሬዎቻቸውን የሚቀልቡት የአረቄ አተላና የኑግ ፋጉሎ ነበር። አንድ ነጋዴ ቶሎ ያሰባል ብሎ የአጥንት ዱቄት ቢያመጣላቸው፣ በሬን የገዛ ዘመዱን አላበላም ብለው ከደጅ መለሱት። የሰፈሩ የፋሲካ ቅርጫ የሚታረደው በእሳቸው ደጅ፣ መደቡን የሚያስተካክሉትም እሳቸው ነበሩ፤ በመደባቸው ያኮረፈ ሰው አናውቅም።

በ1988 ዓ.ም. በሬዲዮ ስለ አውሮፓው የዕብድ ላም በሽታ ሰሙ። በከብት አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚያድር፣ ቢቀቅሉትም የማይጠፋ፣ ለበላተኛውም የሚተርፍ ነው መባሉን ከሰሙ ወዲህ የቅርጫውን በሬ አንጎል ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩ ጀመር። በአገራችን ከብት ላይ ታየ ሲባል አልተሰማም ቢሏቸውም በጄ አላሉም። ሰፈርተኛውም ቀብር አስፈጻሚው እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

በየካቲት 2005 ዓ.ም. እግራቸው ይወላገድ፣ እጃቸው ይርገፈገፍ ጀመር፤ የልጆቻቸው ስም ሳይቀር ጠፋባቸው። ያን ጊዜ ሰፈሩ የገዛ ስጋታቸውን በእሳቸው ላይ መልሶ አዋለው፤ ትዕዛዙን የከብት በሽታ ያዘው ተባለ። ወሬውን ማን እንደጀመረ እናውቃለን፤ ስሙን ግን አንጽፍም። ሁሉ የጠፋባቸው ሰው ቅርጫውን አልረሱትምና የፋሲካ ዕለት ቢላዋቸውን አስለው፣ ያደለቡትን በሬ ደጅ አሳስረው፣ ከጠዋት ጀምሮ በራፍ ላይ ተቀመጡ። ዕጣ ሊያወጣ የመጣ ሰው አልነበረም። ወ/ሮ ሀብትነሽ ያን ዕለት ያለቀሱትን ያህል ዛሬም አላለቀሱም።

በግንቦት አዲስ አበባ የመረመሯቸው ሐኪሞች፣ ሕመሙ ፕሪዮን የሚባል የአንጎል ፕሮቲን በራሱ ጊዜ ሲበላሽ የሚመጣ፣ ጥቂት ሰዎችን ብቻ ባልታወቀ ምክንያት የሚይዝ ነው አሉ። ለዕብድ ላሙ በሽታ ዘመድ ቢሆንም ከበሬ እንዳልመጣባቸው፣ በመዳሰስም ሆነ አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ አስረዱን። መድኃኒት ግን አልነበረውም። ሰኔ 18 ቀን 2005 ዓ.ም. በ62 ዓመታቸው አረፉ። አጥቦ የገነዛቸው ያ ስሙን ያልጻፍነው ጎረቤት ነው፤ እያለቀሰ አጠባቸው፤ ቤተሰቡም ይቅር ብሎታል።

አቶ ትዕዛዙ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጃቸውን ሄቨንን ትተው አልፈዋል። በሬውም አለ፤ አልሸጥነውም። ለመጪው ፋሲካ በዚያው ደጅ ይታረዳል፤ አንጎሉ እንደ ልማዳቸው ይቀበራል፤ የመጀመሪያውም ዕጣ በስማቸው ይወጣል። ጎረቤቶቻችን ሆይ፣ ኑልን። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሰው የጠበቁትን አባታችንን እግዚአብሔር በሩን ከፍቶ ይቀበልልን። አሜን።