ጳውሎስን የሚያስተምረን ሰው

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ። ምሽት 2 ሰዓት

ሱቁን 11 ሰዓት ላይ ዘጋሁ። ስድስት የተማሪ ዩኒፎርም አልቋል፤ የሁለቱ ቁልፍ ለነገ። ከሀይሌ ጋርመንት የጎፋ ታክሲ ቶሎ ተገኘ። ቤ/ክ ስደርስ ክፍሉ ገና አልሞላም። እንደ ልማዴ ፊት ተቀመጥኩ። የሐዋርያው ጳውሎስ ሕይወትና መልእክቶች፣ አራተኛ ሳምንት። የድሮው መምህራችን ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል። አዲስ መጣ።

ደብተሬ፣ አዲሱን መምህር አውቀዋለሁ።

በከዘራ ነው የሚሄደው። ግራ ዓይኑ ነጭ ሆኗል። ስሙ ገመቹ ነው። ያኔ ስሙን አላውቅም ነበር። ፊቱን ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልረሳሁትም።

ለማንም ነግሬው አላውቅም፤ ለአንተ ልንገርህ። ጠዋት ነበር፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ። አንድ ወጣት እየተጋፋ አልፎኝ ከፊቴ ቆመ። ቦርሳዬን ብዳብስ ስልኬ የለም። "ሌባ! ያዙልኝ!" ብዬ ጮኽኩ። ዞር እንኳ ሳይል ያዙት። በጫማ፣ በድንጋይ፣ በብረት። መሬት ላይ ሆኖ ነው ፊቱን ያየሁት፤ ደም በደም። ደነገጥኩ። ፖሊስ ሳይመጣ ሮጬ ሄድኩ።

ማታ ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ብገለብጠው ስልኩ በተቀደደው ገበር ሾልኮ ታች ተቀምጧል። የሰው ልብስ ስሰፋ የምውል ሴት፣ የራሴን ቦርሳ ገበር ሳልሰፋው። በማግስቱ ስልኩን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት።

እኔ ሞቷል ብዬ ነበር። በሕይወት አለ። ደስ ሊለኝ አይገባም?

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ሄድኩ። ብቀር ይጠረጥራል ብዬ። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ትምህርቱ፦ ሳውል ከመለወጡ በፊት። እስጢፋኖስ ሲወገር ሳውል ራሱ ድንጋይ አልወረወረም፤ የወርዋሪዎቹን ልብስ ጠበቀ። መ/ር ገመቹ አንድ ጥያቄ ጣለ። ያልወረወረ ሰው ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ሁሉም እጁን አወጣ። እኔ አቀርቅሬ ደብተሬ ላይ ምንም የማይል ነገር እጽፋለሁ።

ከዚያ ከስም ዝርዝሩ እኔን ጠራ። እህት መሠረት፣ ቀጣዩን ብታነቢልን። ላነብ ስል ትዝ አለኝ። ያን ቀን ፊቴን አላየም፣ ጩኸቴን ግን ሰምቷል! ጉሮሮዬን አመመኝ ብዬ በሹክሹክታ ነገርኩት። አጠገቤ የምትቀመጠው እትዬ ወርቄ፣ ጎፋ ቅቤ የምትሸጠዋ፣ ከቦርሳዋ ዝንጅብል አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። መ/ር ደግሞ እንጸልይላት አለ። ክፍሉ በሙሉ ቆሞ ለጉሮሮዬ ጸለየ። እሱ መራ። ድምፅዋን መልስላት አለ።

አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ጥቅምት 28፣ ዓርብ። ምሳ ሰዓት

እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ፈታሁት። ደግሜ ገልብጬ ሰፋሁት። ባለቤቴ ታደለ ጠዋት ምን ሆነሻል አለኝ። ጉንፋን። ውሸት እየቀለለኝ ነው።

ቢያውቀኝስ? ቢከሰኝስ? ልጆቼ ትምህርት ቤት ምን ይባላሉ? ቤ/ክ ውስጥ ማን ዓይኔን ያያል? መንገድ ላይ የከዘራ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሱቁ ውስጥ ወደ ኋላ እሸሻለሁ። ዛሬ አንድ ሽማግሌ ሱሪ ሊያሳጥሩ መጡ፣ በከዘራ። ቀና ብዬ ሳላያቸው ዝግ ነው አልኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ!

ኮርሱን ብተወውስ?

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

አልሄድኩም። ቤት ሆኜ መልእክቶቹን ለብቻዬ አነበብኩ። ልጆቹ ውጭ ይጫወታሉ።

አንድ ነገር አገኘሁ፤ ባላገኘሁት ይሻለኝ ነበር። ጳውሎስ አሳዳጅ እንደነበረ ራሱ ይጽፋል። አንድ ቦታ ብቻ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ለአንዱ ቤ/ክ ይጽፈዋል፣ ለሌላው ይደግመዋል፣ ልጄ ለሚለው ወጣትም ይነግረዋል። ባገኘሁት ቁጥር የስፌት መርፌ ወረቀቱ ላይ ሰካሁ። ማን ጠየቀው? ብዙዎቹ አንባቢዎቹ ሲያሳድድ አላዩትም፤ ቢተወው ማን ያውቅበታል? ግን አልተወውም። በስሙ ጻፈው።

መርፌዎቹን ነቀልኳቸው። ታደለ ቢያይ ምን እለዋለሁ?

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ሄድኩ። እግሬ ወሰደኝ ልበል።

ከእረፍት በኋላ አንዱ ወጣት ድፍረት አግኝቶ ስለ ዓይኑ ጠየቀው። መ/ር ሳይቆጣ ነገረን። ታክሲ ሰልፍ፣ አንዲት ሴት ሌባ ብላ ጮኸችበት፣ ተደበደበ። ሆስፒታል ሁለት ወር። ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ነበር፤ አልጨረሰም። የጮኸችውን አታውቃትም ወይ አለው ልጁ።

"አላየኋትም። ድምፅዋን ብቻ ነው የሰማሁት።"

ይቅር ብለሃታል? ይቅር ያልኩ የሚመስለኝ ቀን አለ፤ አባቴን የማይበት ቀን ግን አይደለም፣ አለ። አባቱ ላፍቶ ጫፍ ላይ ገበሬ ናቸው። ከመሬታቸው የቀረችውን ዛሬም ያርሳሉ። ሌባ የወለዱ መስሏቸዋል። ዘጠኝ ዓመት ከልጃቸው ጋር አንድ ማዕድ ቀርበው አያውቁም።

ዓይኑን ነው ያጠፋሁት ብዬ ነበር። አባቱንም ነው!

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

ለታደለ ነገርኩት። ልጆቹን እትዬ ወርቄ ጋ ልኬ። ስጨርስ ተነስቶ በሩን ዘጋ፣ ሰው እንዳይሰማ። ዘጠኝ ዓመት አብረሽኝ እየተኛሽ! አለ። ቀጥሎ ደግሞ ፈራ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ተይው አለኝ። ሰውዬው አላወቀሽም። ቤ/ክ እንቀይር። ሁለት ሴት ልጆች አሉን፣ መሲ።

እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር፤ ተይው እንዲለኝ። ሲለኝ ግን አላሳረፈኝም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ። ምሽት

ነገርኩት።

ሁሉም እስኪወጣ ጠበቅሁ። ጥቁር ሰሌዳውን እየጠረገ ነበር። መምህር አልኩ፣ በሙሉ ድምፄ። "ያቺ ሴት እኔ ነኝ።"

ዳስተሩ ከእጁ አልወደቀም። አልዞረምም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ስልኩስ?"

"ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። በገበሩ ሾልኮ። ያን ዕለት ማታ አገኘሁት።"

ያኔ ተቀመጠ። እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝ ይቀለኝ ነበር። ይቅርታ ልል ስል እጁን አነሳ።

"ዛሬ ይቅርታ አትጠይቂኝ። አልችልም። ቅዳሜ ነይና ለአባቴ ንገሪው።"

እሺ አልኩ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ። 10 ሰዓት

አሁን ከላፍቶ ተመለስን። ታደለ እንዳኮረፈ አብሮኝ ሄደ፤ ብቻሽን አትገቢም ብሎ። ግቢው የጭድ ክምር አለው፣ አጥሩ ጋ አዲስ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። የገመቹ አባት ኦቦ ደበላ፣ ሁለት የገመቹ ወንድሞች፣ ሦስት የጎረቤት ሽማግሌዎች። ጎረቤቶቹን የጠሩት አባትየው ናቸው። ልጄ ሌባ ነው ሲባል የሰሙት እነሱ ናቸው፣ ይስሙ ብለው።

ቆሜ ተናገርኩ። በአማርኛ። ኦቦ ደበላ በደንብ ይሰማሉ። ስጨርስ፣ ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። ገበሩ ጋ ስደርስ ታናሽ ወንድምየው ተነስቶ መጣብኝ። ታደለ መሃል ገባ። ኦቦ ደበላ አንድ ቃል በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ልጁ ተቀመጠ።

ከዚያ ወደ ገመቹ ሄዱ። ከዘራውን ከእጁ ወስደው በራሳቸው ትከሻ ደገፉት፣ ወደ ቤት ይዘውት ገቡ። ከውስጥ የሽማግሌ ልቅሶ ሰማሁ። እንደዚያ ያለ ሰምቼ አላውቅም።

ሲወጡ ወደ እኔ መጡ። አልሰደቡኝም። ጣቢያ ውስጥ ያለውስ? አሉኝ። ግራ ገባኝ። ገመቹ አስረዳኝ። ያኔ ፖሊስ በሌብነት ተጠርጣሪነት መዝግቦታል፤ ከሳሽ ጠፍታ ዶሴው እንደተንጠለጠለ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የወንጀል ነፃ ወረቀት የሚጠይቀውን ሥራ ሁሉ ፈርቶ ይተወዋል።

ከሳሿ እኔ ነኝ። የጠፋሁት እኔ።

ታደለን አየሁት። ያኮረፈው ታደለ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ሰኞ ጣቢያ አብሬያት ለመሄድ ከሥራ ፈቃድ እጠይቃለሁ አለ።

ምን ያደርጉኛል? አላውቅም። ያስሩኛል? እትዬ ወርቄ ልጆቹን ትይዛለች፤ ለምን እንደሆነ ገና አልነገርኳትም፣ ነገ ከአምልኮ በኋላ እነግራታለሁ። የሰው ልብስ ሁሉ ዛሬ ጨርሼ አስረክቤያለሁ። ምሳ አልበላሁም።

ሰኞ 3 ሰዓት ጣቢያ እሄዳለሁ። ቃሌን እሰጣለሁ፣ ስሜን እስከ አያቴ አስመዘግባለሁ። እፈራለሁ። እሄዳለሁ። ታደለ እየጠራኝ ነው።