ፉርጎው የማይቆምበት ምሰሶ

ለተከበሩ የከተማ ዳርቻ ባቡሮች የመንገደኞች ደህንነት ኃላፊ
ሙምባይ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ፣ እንደተጠበቀ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በእርስዎ ባቡር ለመሳፈር ከቲኬት ይልቅ ጉልበት ያስፈልጋልና። እኔ ኩንዳ ሳዋንት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ስሆን፣ በጧቱ የሁለት ሰዓት ከሩብ ባቡር፣ በሴቶች ፉርጎ፣ ሃያ አንድ ዓመት ተመላልሻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሴቶች ፉርጎ ከልብ አመሰግናለሁ። እዚያ፣ ለሦስት ሰው በተሠራው አግዳሚ ጫፍ ላይ አራተኛዋ በአንድ ጎኗ ትንጠለጠላለች፤ ይህን ቦታ ጓደኛዬ ማንዳ ታምቤ ለማንም አትለቅም ነበር። ማታ ስንመለስ ለራት የሚሆነውን የአብሽ ቅጠሏን እየቀነጠሰች «ጠጋ በሉ እንጂ፣ የአባታችሁ ቤት አደረጋችሁት እኮ!» ስትል ፉርጎው በሳቅ ይሞላል።

ሁለተኛ፣ ፉርጓችን የሚቆምበትን ቦታ ምሰሶ ላይ በአረንጓዴና ቀይ መስመር ስላሳዩን እናመሰግናለን። ባለፈው ሰኔ በባቡሩ ላይ ሦስት ፉርጎ ሲጨመር የእኛው ሃምሳ እርምጃ ወደፊት አልፎ መቆም ጀመረ፤ መስመሩ ግን ታማኝ ሆኖ በቦታው ቀረ። ይዛወርልን ብለን ሦስት ጊዜ አመለከትን፣ ሦስት ጊዜም «ቀለምም ሠራተኛም የለም» የሚል መልስ ደረሰን። ማኅተሙ በጣም ያምር ነበር።

ማንዳ ያን ጊዜ አገር ቤት ሆና የወለደችውን ልጇን ኬታኪን ታርስ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳ፣ በመጀመሪያው ጧት፣ እንደ ልማዷ ከመስመሩ ሥር ቆመች። ፉርጎው አልፏት ወደፊት ሄዶ ሲቆም እኛ ከፊት ሆነን «ማንዳ፣ ወዲህ ነው! ነይ!» እያልን ጮኽን። ሮጠች። እጀታውን ስትይዝ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ፤ በፉርጎውና በመሳፈሪያው መካከል ወደቀች። ባልጠራት ኖሮ ምናልባት አትሮጥም ነበር፤ አስቀድሜ ስልክ ደውዬ ብነግራትማ በሕይወት ነበረች። ወይኔ! ለእርስዎ ከምወረውረው ድንጋይ ግማሹ ለእኔ ነው፤ ግማሹን ግን እባክዎ ይቀበሉኝ።

ሦስተኛ፣ ሟች የሞተችው «በራሷ ጥድፊያ» መሆኑን በአንድ መስመር ስለገለጸው ሪፖርትዎ። ኬታኪ ጨቅላዋን ታቅፋ አነበበችው፤ «እናቴ መቼ ነው የተጣደፈችው? ሁልጊዜ ግማሽ ሰዓት ቀድማ አይደል የምትደርሰው?» ብላ ጠየቀችኝ።  ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በራሷ ጥድፊያ» የሚለው ተሰርዞ «መሥሪያ ቤታችን በቀባላት ቦታ ቆማ» ተብሎ ይጻፍ። የማንዳ የልጅ ልጅ ማንበብ ሲችል የሚያገኘው እውነቱን ይሁን።

መቆሚያ በሌለበት ፉርጎ ውስጥ ማንም ሊቀመጥበት ያልደፈረውን አራተኛ ቦታ አጠገቤ ይዤ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ዘወትር የተደላደለ መቀመጫ እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ
ኩንዳ ሳዋንት

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ እኛ ሴቶቹ ቀለም ገዝተን ትክክለኛውን ምሰሶ ቀብተን ነበር። ሰኞ ረፋዱ ላይ አራት ሠራተኞችዎ መጥተው፣ ያለ ፈቃድ የተቀባ ነው ብለው በግራጫ ቀለም ሸፈኑት። ለካስ ቀለምም ሠራተኛም አለ፤ እንኳን ደስ አለዎ። የድሮውን መስመር ግን አልነኩትም። ዛሬ ጧት አንዲት አዲስ ልጅ ከሥሩ ቆማ አግኝቼ እጇን ይዤ ወሰድኳት። ነገ እኔ ዕረፍት ነኝ፤ እባክዎ እርስዎ ይምጡ።