ከመጨረሻው ስንኝ በፊት ያለችው ዝምታ

ውድ ኹሽቃዳም፣

ዘፈኖችህ ከዋና ከተማው ከዱሻንቤ ተመለሱ። ማስተሪንግ የሚሉት የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ ተሠርቶላቸው፣ ልክ እንደተመኘኸው ከትልልቆቹ ዘፋኞች ጎን ቢሰለፉ የማያሳፍሩ ሆነው መጡ። ደስ ይበልህ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፣ አቃተኝ። እኔ ሳይከፋኝ የዋልኩበት ቀን የለም፣ አንተን ደስ ይበልህ ብልህ ምን ይሉታል?

ከኾሮግ ሐኪም ቤት ስንመለስ የሆነውን ታስታውሳለህ? ሾፌሩ የሰርግ ዘፈን ሲያስጮህ ቆይቶ፣ ወንድምህ ናዝሪሾ የሰጠው ያንተ የቀድሞ ቅጂ ቀጥሎ ገባ። ድምፅህ ከሞተሩ ጩኸት በታች ሆነ። ሾፌሩ ማጉያውን አዙሮ አዙሮ ሰለቸው፤ ከኋላው መቀመጥህን መች አወቀና፣ "ሰውየው ማሰሮ ውስጥ ገብቶ ነው እንዴ የሚዘፍነው?" አለ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። አንተም "ክዳኑን ረስተውበት ይሆናል" ብለህ አብረህ ሳቅክ። ከዚያ በኋላ እቤት እስክንደርስ ቃል አልተነፈስክም። ሻይ ስሰጥህ ገፋ አድርገህ፣ "እኔ የምፈልገው ሳቭሳን፣ አንድ ቀን ዘፈኔ እንደ ሰው ዘፈን ሲሰማ ማየት ብቻ ነው" አልከኝ።

እኔ ያን ቀን ሌላ ጉድ በሆዴ ይዤ ነበር። ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ጠርታኝ ሳንባህ እንዳለቀ፣ በረዶው ሲቀልጥ እንደማታይ ነግራኛለች። "ለእሱ እንዳትነግሪው" አለችኝ። እኛ አገር ለታማሚ ማን ይነግራል? ለሚስት ይነገራል፣ ሚስት ሆድ ይፍጀው ትላለች። "ብርድ ነው፣ ዛፎቹ ሲያብቡ ይተውሃል" አልኩህ። አንተም "እሺ ዶክተር" አልከኝ። ከዚያ ወዲያ በረት ገብቼ አልቅሼ፣ ፊቴን በበረዶ አሽቼ፣ ስቄ እገባልህ ነበር። "ምነው ፊትሽ ቀላ?" ስትለኝ "ላሟ ገፍታኝ ነው" እልሃለሁ። "ይቺ ላም ምን አድርገሻት ነው እንዲህ የጠላችሽ?" ትል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዘፈኖቹን እንደ አዲስ የቀዳችሁ ዕለት ደግሞ አስወጣኸኝ። "ሳቭሳን ካለች ድስት ታንኳኳለች፣ ጎረቤት ሂጂ" አልክ። ናዝሪሾ አሮጌ መቅጃውን ይዞ፣ አንተ ክራር የመሰለውን ሩባብህን አቅፈህ ቀራችሁ። እኔ ጎረቤት ቁጭ ብዬ ሳል እንዳያቋርጥህ ስጸልይ ዋልኩ።

ስትሞት ቤታችን ዝም አለ። ደንቡን ታውቀዋለህ፣ ሽማግሌዎች መጥተው ዜማ እስኪያሰሙን ሐዘኑ አይነሣም። እናትህ ግን "ሌላ ሰው ሩባብ ይዞ እንዳይመጣብኝ። ቤቴን የሚከፍተው የልጄ ድምፅ ነው" አለች። ናዝሪሾም ቅጂውን ዱሻንቤ ላለ ሱህሮብ ለሚባል የድምፅ ባለሙያ ላከው። በስልክ አናገርኩት፣ ጨዋ ልጅ ነው።

"እህቴ፣ የጮኸውን አረጋጋዋለሁ፣ የተዋጠውን አወጣዋለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው።"

"ትንፋሹስ?"

"ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል።"

"እንግዲያው ይሰማ" አልኩት። በገዛ አፌ።

ዘፈኑ የሚሰማ ዕለት የሃይማኖት አባታችን ኸሊፋው መጣ፣ ሰፈሩም ሁሉ የቤታችንን ምሰሶዎች ተደግፎ ተቀመጠ። ናዝሪሾ ከፈተው። ኦዲናሞ፣ ያቺ ጎረቤታችን፣ "አፈር ስሆን፣ እዚሁ ያለ ነው የሚመስለው" አለች። እውነቷን ነው። ጣትህ ክሩ ላይ ሲንሸራተት እንኳ ይሰማል። እናትህ ከሞትክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

የመጨረሻው ዘፈን ላይ፣ ከመጨረሻው ስንኝ በፊት፣ የክሩ ድምፅ እስኪጠፋ ዝም ትላለህ። ሱህሮብ ሳይነካው በፊት እዚያ ጋ አንድ ጭርጭርታ ብቻ ነበር። አሁን ሁለት ሰዎች ሲያንሾካሽኩ ቁልጭ ብሎ ተሰማ።

"ሐኪሟ ለብቻህ የነገረችህን ለሳቭሳን ለምን አትነግራትም?" ይላል ናዝሪሾ።

"ታውቃለች እኮ። እኔ የማላውቅ መስሏት ስትስቅልኝ ትውላለች። እንደማውቅ የነገርኳት ቀን ማን ይስቅልኛል? ተዋት፣ ትሳቅ።"

ከዚያ ዘፈንክ።

ማንም ቀና አላለም። ናዝሪሾ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እናትህ አንድ በአንድ አየችንና "ሁላችሁም ታውቁ ነበር?" አለች፤ ከእኔ ከእናቱ በቀር ማለቷ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ኸሊፋው "እንግዲህ ሐዘኑ ተነሥቷል" አለ፣ መባል ስላለበት። ሰዉም ጫማውን እያጠለቀ ወጣ።

በማግስቱ ሱህሮብ ጋ ደወልኩ። እሱ የከተማ ልጅ ነው፣ ታጂክኛ እንጂ የእኛን የተራራውን ቋንቋ አይሰማም። "እናንተ ጋ ዜማ ሲዜም የተቀመጠው ሰው ጸሎት ያልጎመጉማል ሲባል ሰምቼ፣ ጸሎት መስሎኝ ነው እህቴ" አለኝ። "ጸሎት አይቆረጥም ብዬ፣ ከሌላው ሁሉ የበለጠ የደከምኩት እሱን ለማውጣት ነው። አሁን ልቁረጠው?"

"ተወው" አልኩት። እሱን ምን ብዬ ልቆጣው?

የምቆጣው አንተን ነው ኹሽቃዳም። እኔንም ነው። በአንድ ብርድ ልብስ እየተኛን፣ እኔ በረት ውስጥ ሳለቅስ፣ አንተም እኔ በረት እስክሄድ ጠብቀህ ታለቅስ ነበር መሰለኝ። አብረን ብናለቅስ ምን ነበረበት? መኪና ውስጥ ዝም ያልከው እንኳ በሾፌሩ ቀልድ ይሁን ሐኪሟ በነገረችህ፣ አሁን የምጠይቀው ሰው የለኝም። የመጨረሻዋ ዕለት ደህና ሁን አላልኩህም። "ተኛ፣ ነገ ይሻልሃል" ነው ያልኩህ። አንተም "እሺ ዶክተር" አልከኝ። ሐዘኑ ተነሣ ይላሉ፣ እኔ ላይ ገና መቀመጡ ነው።

ናዝሪሾ ዘፈኑን ያሰማበትን ማጉያ ትቶልኝ ሄዷል፤ በየቀኑ እከፍተዋለሁ። "ትሳቅ" ካልክ በኋላ ትንሽ ዝምታ አለች። እዚያች ላይ ልመልስልህ እሞክራለሁ። ሱህሮብን እንዲያስረዝማት ለምኜው ነበር። "ይቻላል እህቴ፣ ግን የምጨምረው ባዶ ነው። የእሱ ትንፋሽ አይኖርበትም" አለኝ። ስለዚህ እንዳለች ይሁን አልኩ። ቃሌን አሳጠርኩ፣ ቶሎ ቶሎ ማለትም ለመድኩ። "ኹሽቃዳም፣ እኔም እኮ" እስከሚለው እደርሳለሁ። ከዚያ ሩባብህ ይገባል።

ሳልጨርስልህ የቀረሁት ሚስትህ፣
ሳቭሳን