ደም ያጣሩ የነበሩት የእትዬ ወንፊት የሕይወት ታሪክ

እትዬ ወንፊት ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ካልገባቸው እሺ የማይሉ፣ አንዴ ከገባቸው ደግሞ ንቅንቅ የማይሉ ስለነበሩ፣ አባታቸው «ይህችን ልጅ የሚያሳምናት እንጂ የሚያዛት አይገኝም» ይሉ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት ጨርሰው በላቦራቶሪ ሙያ ተመረቁ፤ በሃያ ሁለት ዓመታቸውም በደም ባንክ ተቀጠሩ። የሥራ ክፍላቸው ጠባብ ነበር። ፕላትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ጥቃቅን ሕዋስ፣ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ስለሚበላሽ ሌት ተቀን በሚወዛወዝ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የመደርደሪያው ድምፅ ቆም ካለ እርሳቸው ከምሳ ላይ ይነሱ ነበር። የደም ሳጥን የሚያመላልሰው ሾፌር ከመኪናው ይልቅ በዚያ ክፍል በር ላይ መቆም አበዛ፤ በሃያ ስድስት ዓመታቸው ተጋቡ። ሴት ልጅ፣ ቀጥሎም ወንድ ልጅ ወለዱ።

በዚያ ዘመን ደም ደጋግመው የሚወስዱ ሕሙማን አንድ ችግር ነበረባቸው። ከለጋሹ ደም ጋር የሚገቡት ነጭ ሕዋሳት የታማሚውን ሰውነት ያስቆጡታል፤ ሰውነቱም ከዚያ ወዲያ የሚሰጠውን ፕላትሌት እንደ ጠላት እያየ ያጠፋዋል። እትዬ ወንፊት ከክፍሉ ሐኪም ጋር ሆነው ነጩ ሕዋስ አስቀድሞ እንዲጣራ አደረጉ። ያልተጣራ የደም ከረጢት ከእጃቸው አይወጣም ነበር። «ወንፊት» የሚለው ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው፤ እርሳቸውም ወደዱት።

ታናሹ ልጃቸው በዘጠኝ ዓመቱ መቅኔው ደም ማምረት አቆመ። ወሬው እንደተሰማ አጎት፣ አክስት፣ የአክስት ልጅ ሳይቀር እጅጌውን ሰብስቦ ደም ባንኩ በር ላይ ተሰለፈ። ልጁን የሚያድነው የእህቱ መቅኔ ሊሆን ይችላል፤ የዘመድን ደም አስቀድሞ ከወሰደ ግን ሰውነቱ የሥጋ ዘመዱን መቅኔ ማባረር ይለምዳል። እናት ይህን ያውቃሉ። በሩ ላይ ቆሙና «ፍቅራችሁን አይቻለሁ። ደማችሁን ግን ለሌላ ሰው ስጡ፤ ለእኔ ልጅ የማላውቀው ሰው ይሰጠዋል» አሉ።

አማታቸው «እንዲህ የጨከነች እናት አይቼም አላውቅ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ባለቤታቸውም ለጥቂት ቀናት አኮረፉ። እርሳቸው እያለቀሱም ቢሆን አልተበገሩም። ልጁ ከማያውቁት ለጋሽ የተገኘ፣ የተጣራ ፕላትሌት ብቻ ወሰደ፤ በወሰደም ቁጥር ድዱ መድማቱን ያቆም ነበር። ወራት አልፈው የእህቱ መቅኔ ሲሰጠው ሰውነቱ ተቀበለው። ልጁ በእግሩ ወደ ቤት የገባ ዕለት አማታቸው ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው ምራታቸውን አቀፉ። ከዚያ በኋላ በምራታቸው ላይ ክፉ የተናገረ ሰው አበቃለት።

እትዬ ወንፊት እስከ ጡረታቸው በርካታ ወጣቶችን አሠልጥነዋል፤ ቁጣቸውን የሚረሳ የለም፣ ሥራቸውን የማያመሰግንም የለም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በደም ካንሰር ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። የመጀመሪያው ከረጢት ሲሰቀልላቸው ተጣርቶ እንደሆነ ጠየቁ። ነርሷ «እማማ፣ እኛ እኮ ያልተጣራ ምን እንደሚመስል አናውቅም» አለቻቸው። ሳቅ ብለው ክንዳቸውን ሰጡ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ቤተሰባቸው አልጋቸውን ከቦ ሳለ፣ በሰላም ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ተለይተውናል። አምላክ ለፍቶ አዳሪ ነፍሳቸውን በዕረፍት ይቀበል፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው መቅኔዋን የሰጠችው ሴት ልጃቸው ናት። ቆሞ የሚያነብላችሁ ወንድሟ ነው።