ለአዲሱ ኦዲተራችን

የሺዬ፣

ለሥራ ወደ አዳማ ሄጃለሁ፤ እስከ ዓርብ አልመለስም።
ጋዝ አልቋል። ሲሊንደሩን ወስደህ አስሞላው። ሊፍቱ አሁንም ስለማይሠራ አምስት ፎቅ ተሸክመኸው ትወርዳለህ፤ የሊፍቱ ጥገና ክፍያ ግን አንድም ወር ቆሞ አያውቅም።

ትናንት በቤት ባለቤቶች ስብሰባ ላይ «ገንዘባችን የት እንደገባ ሒሳቡን አሳዩን» ብዬ ስጠይቅ፣ ሊቀመንበሩ «እኛ ቤተሰብ ነን፤ ቤተሰብ ደረሰኝ አይጠያየቅም» አሉ። እሳቸውን ሊቀመንበር ያደረገልን ቤቱን የሸጠልን ድርጅት ስለሆነ፣ የማንን ቤተሰብ ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንተን ወንድሜን ኦዲተር አድርገው ሾሙህ። አንተም ተነስተህ እጅ ነሳህ።
እንኳን ደስ ያለህ።

አንተ ከእነሱ ጋር ሻይ ልትጠጣ ስትቀር፣ ታች ቤት ያሉት እማማ አስቴር የአራት ዓመት ደረሰኞቻቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። «ልጄ፣ የሚጠይቅ ሰው እስኪነሳ ስጠብቅ ነበር» አሉኝ። ሒሳቡ እንዲመረመር የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፍን፤ መጀመሪያ እሳቸው ፈረሙ፤ ከዚያ ሠላሳ ጎረቤት ተከተለ።

ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነው። የተጻፈው ለማኅበሩ ኦዲተር ነው፤ ያው ለአንተ። አንዱ ቅጂ ላይ «ተቀብያለሁ» ብለህ ፈርምና ለእማማ አስቴር ስጥልኝ።

ሌላው፣
ሰው ፊት «ወንድሜ የራሱን ደሞዝ እንኳ መደመር አይችልም» ማለቴ ልክ አልነበረም።
ትችላለህ። አባባ ታሞ የተኛ ጊዜ የሆስፒታሉን ሒሳብ ሦስቴ ደምረህ ስህተታቸውን ያገኘኸው አንተ ነህ።

ልዕልት