ስለላክሽልኝ ቁልፍ

ይድረስ ለጣውንቴ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወራህመቱላህ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ዓለም ባንክ ሰፈር ነፋሱ ይበረታል ይላሉና ወገብሽን ሸፍነሽ ተቀመጪ። ልጅሽ ኢክላስና ልጆቿስ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ዓይኔ ትንሽ ስለደከመ ፊደሉ ከመስመር ቢወጣ አትሳቂብኝ። በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረችኝ ያንቺው ኢክላስ ናት፤ ብትስቂም የምትስቂው በእሷ ነው።

በስልክ ለምን አትነግረኝም እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ ሁለታችንም ቶሎ እንቆጣለን፣ ከዚያ አንዳችን እንዘጋለን። ወረቀት ግን ጆሮዬ ላይ አይዘጋም።

መጀመሪያ ምስጋናዬን ልጨርስ። ማመስገን ስላልለመድኩ ካቆየሁት ይጠፋብኛል። ቁልፉን ስለላክሽልኝ አላህ ይስጥሽ። ግንበኛው ከቤታችን የአንቺን ግማሽ ሳይከፍት ጣሪያውን መጠገን እንደማይችል ሲነግረኝ፣ ኢክላስን «እናትሽን ጠይቂልኝ» አልኳት እንጂ እምቢ እንደምትዪ እርግጠኛ ነበርኩ። የምመልስልሽን ስድብ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ልጅቷ በማግስቱ ቁልፉን በመሐረብ ቋጥራ ይዛልኝ መጣች። «ምን አለች?» ብላት «ከአንገቷ ፈትታ ሰጠችኝ» አለችኝ። ያዘጋጀሁት ስድብ ከንቱ ቀረ።

ለኢክላስ ቤት መሥሪያ እንዲሆን ግማሽሽን ልትሸጪ ማሰብሽንም ሰምቻለሁ። ደላላው ዳዊ ያንቺን ደጅ ሊለካ መጥቶ «እማማ፣ ደስ ይበልዎት፣ ፎቅ የሚሠራ ጎረቤት ሊያገኙ ነው» አለኝ። «የማገኘው ጥላ ነው» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ድርሻው የአንቺ ነው፤ ሽጪ ብል ልገላገልሽ የፈለግኩ ያስመስልብኛል፣ አትሽጪ ብል ምቀኛ እባላለሁ። ከመፈረምሽ በፊት ግን በቤቱ ላይ ምን እንደተሠራ እወቂ። ለኢክላስም ይጠቅማታል።

አባወራችን ሰይፈዲን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ይህን ቤት ሲያቆም ከአጠና ተራ ምርጥ ምርጡን እንጨት ለራሱ እንዳስቀረ ሲያወራ ሰልችቶን ነበር። እንጨቱ እውነትም ጥሩ ነበር። ያበላሸው በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ በብሎኬት ሲሠራ ቀንቶ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ማስለሰኑ ነው። ከመንገድ ማዶ ቆሞ «አሁን ከብሎኬት ማን ይለየዋል?» ሲል ትዝ ይልሻል? ማንም አልለየውም። ውሃው ግን ለየው። ጭቃ ይተነፍሳል፣ ሲሚንቶ አያስተነፍስም። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ እንጨቱን ሲበላው ኖረ። ከዚያ ደግሞ መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከደጃችን ከፍ አለና የሰፈሩ ጎርፍ ሁሉ እንግዳችን ሆነ። ግንበኛው ያደሳ ልስኑን በመዶሻ ሲመታው እንደ ቂጣ ተቀርፎ ወደቀ። የመሐል ምሰሶው እግር በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ፣ ምስጥ ጨርሶታል።

ስለዚህ ለኢክላስ እንዲህ በያት፤ መሠረቷን ዛሬ ካለው መንገድ ሳይሆን ነገ ከሚነጠፈው መንገድ በላይ ታውጣው። ያረጀ የጭቃ ግድግዳ የገጠማት ዕለትም ጭቃውን በጭቃ ታስመርገው፣ ለጎረቤት ዓይን ብላ ሲሚንቶ እንዳታለብሰው። ግንበኛ ጥሩ ቢሆንም ዓይኗን እንዳትነቅል። ያደሳ ጎበዝ ነው፣ አፉም ጎበዝ ነው፤ አሸንዳውን ሰቅሎ «እማማ፣ አለቀ» ሲለኝ ባልዲ ሙሉ ውሃ አስይዤ መሰላል አስወጣሁትና አፍስሰው አልኩት። ውሃው ወደ ቱቦው መሄድ ትቶ ተመልሶ በእኔ ደጅ ወረደ። «እማማ፣ እርስዎ መሐንዲስ ነዎት እንዴ?» አለኝ። «አይደለሁም፣ እርጥብ አልጋ ላይ ስተኛ የኖርኩ ነኝ» አልኩት። ፈትቶ ደግሞ ሰቀለው።

አሁን ወደ ግድግዳው ልምጣ። ሰይፈዲን የሞተ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሳሎኑን መሐል ለመሐል በኖራ አስምረው፣ ብሎኬት ይደርደርበት ብለው ፈርደው፣ ምሳ በልተው ሄዱ። ምሳውን ያበሰልነው እኔና አንቺ ነን፣ ያውም በአንድ ድስት፤ ዕቃ ገና አልተከፋፈልንም ነበርና። ያን ግድግዳ ስንት ጊዜ እንደረገምኩት አላህ ያውቃል። ያደሳ ሥራ ሲጀምር ከሁሉ በፊት እሱን እንዲያፈርሰው ነው ያዘዝኩት። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ኮርኒሱን ቀዶ ሽቅብ አየና «እማማ፣ ይህን ባፈርሰው ጣሪያው እላያችን ላይ ይመጣል» አለኝ። ምሰሶው ሲበሰብስ የጣሪያው እንጨት ሁሉ ቀስ እያለ ግድግዳው ላይ ተኝቶ ኖሯል። እኔ ስረግመው እሱ ተሸክሞኝ ኖረ። አንቺንም ጭምር። ምሰሶውን አዲስ ተክለንለታል፣ ግድግዳው ግን ሸክሙን ስለለመደ ያደሳ ይቁም አለ፤ ቆመ።

ስለ መታጠቢያ ቤትም ለኢክላስ ንገሪያት፤ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ እንዳታስነጥፍ፣ ሻካራውን ትምረጥ። ከግድግዳው ጋር የሚያዝ ብረት ታስተክል፤ ወጣት ነኝ እንዳትል፣ ቤት የሚሠራው ለእርጅና ነው። እኔ ባለፈው ክረምት ለዓስር ሶላት ውዱእ ሳደርግ ተንሸራትቼ ወድቄ ነበር። አልነገርኩሽም። ዳሌዬን ነው እንጂ ሌላ አልተጎዳሁም። መነሳት ሲያቅተኝ በጫማዬ ግድግዳውን መታሁ። ደጋግሜ መታሁ። አንቺ ልጅሽ ዘንድ ወደ ዓለም ባንክ መሄድሽን እኔ አልረሳሁትም፣ እጄ ነው የረሳው። በኋላ ጎረቤታችን ጁወይሪያ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ መጥታ አነሳችኝ። ይህን የነገርኩሽ ስለ ሴራሚኩ ነው።

ግድግዳ መምታት ካነሳሁ፣ ተኳርፈን በከረምንባቸው ዓመታት እንኳ በረመዳን ሌሊት ለሱሁር ማዕድ መቀሳቀስ አልተውንም። ቀድማ የነቃችው ትመታለች፣ ሌላዋ ነቅቻለሁ ለማለት መልሳ ትመታለች። ሲነጋ ደጅ ላይ ተገናኝተን ፊት እንነሳሳለን። አሁን በላክሽልኝ ቁልፍ ገብቼ አልጋሽን ሳስነሳ፣ ከራስጌሽ ልስኑ እንደ ስኒ ተሰርጉዶ አገኘሁት። በዘነዘና ነበር እንዴ የምትመቺው? እኔ በቡጢ እየመሰለኝ «የዚህች ሴት ክንድ!» እል ነበር። በእኔ በኩል ያለው ጉድጓድ ያንሳል። በማንኪያ ነበር የምመታው፣ ይቅር በዪኝ፣ እንቅልፋም ስለሆንሽ በዘነዘና መሆን ነበረበት።

ያደሳ ጉድጓዱን ልድፈነው ቢለኝ «ተወው፣ እዚያ ላይ በር ክፈትልኝ» አልኩት። አልፈርስም ያለ ግድግዳ በር ይከፈትለታል። ከላይ ብረት ያለው ሲሚንቶ አጋድሞበት፣ ሸክሙን ወደ ግራና ቀኝ አሳልፎ በጥንቃቄ ከፈተው። «ግን በሩ ለምንድን ነው?» አለኝ። «ለአየር ነው፣ ያንቺ ቤት ተዘግቶ እርጥበት ይይዘዋል» አልኩት፤ ከአንቺ ጋር የማወራ መስሎኝ አፌ ተሳስቶ ነው፣ «የእሷ ቤት» ብዬ አረምኩት። «ለአየር ከሆነ መስኮት አይበቃም?» አለኝ። ይህ ሰው ሲቆፍር ማቆም አያውቅም። በሩን ሊሰቅል ሲል ደግሞ «መቀርቀሪያውን በየት በኩል ላድርገው?» አለኝ። «ከወዲያ» አልኩት። «ኧረ እማማ፣ ሰው መቀርቀሪያ የሚያደርገው በራሱ በኩል ነው!» «አንተ ሥራህን ሥራ» አልኩት። በእኔ በኩል እጀታ ብቻ ነው ያለው።

ያንቺን ጣሪያ ከእኔ ጋር አንድ ላይ አስቀይሬዋለሁ። ወጪውን ልጄ ኢብራር ችሎታል፣ ስለሱ አንድ ቃል እንዳታነሺ። ክፍልሽ ደርቋል። አልጋሽን ከነበረበት አንስቼ ወደ ደረቁ ጥግ አዙሬዋለሁ፤ ካልወደድሽው መልሺው። መታጠቢያ ቤትሽም ሻካራ ሴራሚክ ተነጥፎለታል፣ ብረቱም ተተክሏል። ብረቱን ሲለካ የአንቺን ቁመት በእኔ ትከሻ አሳየሁት።

ቁልፉን በመጣበት መሐረብ ቋጥሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በኢክላስ እጅ ልኬልሻለሁ። ብትሸጪ ገዢው በሩን መድፈን ይችላል፣ የሚበቃ ብሎኬት ጓሮ ተደርድሯል፤ ማንም በእኔ እንዳያመካኝ። ረመዳን እየቀረበ ነው። ኢብራር ለሱሁር የሚቀሰቅስ ስልክ ገዝቶልኛል። በደንብ ይጮሃል። መልሶ የሚመታለት ግን የለም።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልጅሽን ባለ ቤት ያድርግልሽ፣ ከክፉ ጎርፍና ከክፉ ጎረቤት ይጠብቅሽ። አልተናገርኩትም እንጂ ለብዙ ነገር አመሰግንሻለሁ።

መቀርቀሪያውን ዘይት ቀብቼዋለሁ። ለደከመ እጅም ይከፈታል።

ከግድግዳው ወዲህ ያለሁት
ጣውንትሽ