ጊታሬን ያስመለስኩበት መንገድ

ኅዳር 15፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 10፡00

ከት/ቤት ተመለስኩ። የ10ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና እርማት ግማሹ ቀርቷል። ጊታሩን አነሳሁ፣ ቃኘሁት። አንድ ዘፈን ሳልጨርስ ቅኝቱ ወረደ። እንደገና ቃኘሁት። ወረደ። የእንጅባራ ብርድ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ሦስት ወር ሆነኝ። ደብተሬ፣ ብርዱ አይደለም። ዕቃው ነው። እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ ድምፁ ግን የባዶ ጀሪካን።

ስድስት ዓመት ስለውጥ ኖርኩ። ክራር ሰጥቼ ቦክስ ጊታር። እሱን ሰጥቼ ኤሌክትሪክ። ኤሌክትሪኩን ሰጥቼ ያንን። ያንን! ደረቱ ጎበጥ ያለ፣ እንደ ቫዮሊን ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳ ያለው የጃዝ ጊታር። ያለ መብራት ቤቱን የሚሞላ። ዳንግላ፣ ከአንድ ጡረተኛ ቤት፣ አልጋ ሥር አገኘሁት። አቧራውን ሳልጠርግ ለጋሼ ደምሴ ወሰድኩት። ዳንግላ ላይ መሣሪያ የሚጠግነውም የሚለውጠውም እሱ ነው። በልጅነቴ ጣቴን ይዞ ጊታር ያስተማረኝም እሱ።

አገላብጦ አየው። አንገቱ ጠሟል፣ ክር ብትወጥሪበት ይሰነጠቃል፣ ለማገዶ ካልሆነ ለምንም አይሆንም አለኝ። አዘነልኝ። ከሱቁ ይሄን አብረቅራቂ አንስቶ በለውጥ ሰጠኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

የመምህራን ክፍል። ከጎኔ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ጥሩወርቅ፣ የባዮሎጂዋ፣ ስልኳን አቀበለችኝ። ያገርሽ ሰው ነው፣ ስሚው አለችኝ። ቪዲዮ ነው። ባ/ዳር፣ አንድ ሆቴል። ደምሴ ተቀምጦ ይጫወታል። እቅፉ ውስጥ የኔ ጊታር።

የጊታሩ ራስ ላይ ያ የማውቀው የሲጋራ ጠባሳ አለ። እሱ ነው። አንገቱ እንደ ሸምበቆ ቀጥ ብሏል። ድምፁ... ድምፁን አልጽፈውም።

ጥሩወርቅ ዓይንሽ ምን ሆነ አለችኝ። የጠመኔ ብናኝ አልኳት።

ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ ብዬ አልጠራውም።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ሄጄ ልጩህበት? ራሷ ወዳ ለወጠች ይላል፤ እውነቱን ነው፤ ወድጄ ለወጥኩ። ፌስቡክ ላይ ልጻፍበት? ሁለት ቀን ተወርቶ ይረሳል። አልፈልግም። በሰፈረው ቁና እንዲሰፈር ነው የምፈልገው። ተታልሎ፣ ደስ ብሎት፣ አመስግኖኝ። ከዚያ ሰው ፊት እንዲዋረድ።

ምን ይወዳል? አውቃለሁ። እዚህ እንጅባራ፣ መናኸሪያው አጠገብ ብርድ ልብስ የሚሸጡት ሐጂ ሰይድ ጋ አንድ ጥንታዊ አምፕሊፋየር አለ። ባለ አምፖሉ፣ የድሮው። ደምሴ ስለሱ ሲያወራ ምራቁን ይውጣል። ሐጂ ግን ለደምሴ አይሰጡም። አፉ ይጣፍጣል፣ ዓይኑ ይሸሻል ይላሉ።

ምነው ቀድመው በነገሩኝ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ሐጂ ሱቅ ዋልኩ። ከገበሬዎቹ ጋር በአዊኛ ይከራከራሉ፣ ወደኔ ዞረው በአማርኛ ይስቃሉ። የመጨረሻ ልጃቸው ጊታር አምጣልኝ እያለች አስቸግራቸዋለች። የኔን አብረቅራቂ አሳየኋቸው። አምፕሊፋየሩን ከመደርደሪያው ሥር አወጡት። ወንድማቸው ቪዲዮ ቤት በነበራቸው ጊዜ ይሠሩበት የነበረ ነው።

«ልጄ፣ ነውሩን ልንገርሽ። ይበራል፣ ይዘፍናል። ሲሞቅ ግን ይሞታል። ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው። ጠጋኝ ሁሉ አቅቶታል። ያንቺስ ነውሩ ምንድነው?»

«ቅኝት አይዝም» አልኳቸው።

«ለመማሪያ ይበቃታል።»

ተለዋወጥን። ስወጣ ጠሩኝ። «ለሌላ ሰው ከሰጠሽው ንገሪው። ያልተነገረ ነውር ከዕቃው ጋር አይሄድም። አንቺው ጋ ይቀራል።»

እሺ አልኳቸው። ሐጂን ዋሸሁ። ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00

ሆነ!

በሚኒባስ ዳንግላ። አምፕሊፋየሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ። ከመናኸሪያ ሱቁ ድረስ በጋሪ። ደምሴ ሲያየው ተነሳ። ሐጂ እንዴት ሰጡሽ አለ። መደርደሪያውን አየሁ።

«ያ ለማገዶ ያልከኝ ጊታር አለ?»

ፊቱ ቀላ። «እ... ትንሽ አስተካክዬው ነበር።»

«ሙያህን አውቃለሁ። በዚህ ለውጠኝ። ማስታወሻ እንዲሆነኝ ነው።»

አምፕሊፋየሩን ሰካው። ማይክ አስገባ፣ አንድ ሁለት አለ። ድምፁ ሱቁን ሞላው። ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። አምስት ደቂቃ። ስምንት።

«ሳያቋርጥ ይሠራል?»

«ውሎ ያመሻል» አልኩት። ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

አመሰገነኝ። ደብተሬ፣ አመሰገነኝ!

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

ጊታሩ። በትዝታ ቅኝት ጀምሬ የጃዝ ኮርዶች ደረብኩበት። የወፍራሙ ክር ድምፅ ደረቴ ላይ ያርፋል፣ ቀጭኑ አይጮህም፣ ይናገራል። እንደገና ሳይቃኝ ሰዓት ሙሉ ቆየ። ስድስት ዓመት የፈለግኩት ይሄንን ነው።

አንገቱን ደግሜ አየሁት። ቀጥ ያለ ነው። ጨርሶ ጠሞ አያውቅም። ውሸታም።

ጥር 13፣ ረቡዕ

ጥሩወርቅ የሠርግ ጥሪ ሰጠችኝ። እሑድ፣ ዳንግላ፣ የወንድሟ። አባቷ የዘንገና ገበሬ ናቸው። ዘመዱን ሁሉ ጠርተዋል። ሙዚቀኛውስ አልኳት። ደምሴ። አዲስ አምፕሊፋየር አግኝቷል፣ ለትልቅ ድግስ ብሎ ያስቀመጠው፣ የኛን ሠርግ ሊመርቅበት ነው አለችኝ። ደስ ብሏታል።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሌላ ሰው ፈልጊ ብላት ይበቃ ነበር።

አዳራሽ ነው ዳስ? ብዬ ጠየቅኳት።

ጥር 17፣ እሑድ

አሁን ገባሁ። የአገር ልብሴን አላወለቅኩም።

ሙሽሮቹ ዳሱ በር ሲደርሱ መሰለኝ። ደምሴ ኪቦርዱ ላይ፣ ማይኩ አፉ ላይ። ሰው ሁሉ ቆሟል። አምፕሊፋየሩ ተንጣጣ፣ ድምፁ ወደቀ። ጭጭ። ነካካው። ደበደበው። ላቡ ወረደ። የሙሽራው አጎት ሰው ፊት ሌባ አለው፣ ገመዱን ነቅሎ ወረወረበት። ደምሴ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ሰበሰበ።

ጣፈጠኝ። አልዋሽሽም ደብተሬ፣ እንደ ማር ጣፈጠኝ።

ከዚያ ቀና አለና ከሰው መሐል አየኝ። አወቀ። መሠረት ናት የሰጠችኝ ብሎ እኔን ሊጠቁም ይችል ነበር። አላለም። ለምን እንዳላለ አላውቅም። የራሱ ነገር እንዳይወጣ ፈርቶ ይሆናል።

ሴቶቹ እልልታውን ጀመሩ፣ በጭብጨባ ለመሙላት ሞከሩ። አልሞላም። የጥሩወርቅን አባት ፈለግኋቸው። ከዳሱ ውጭ፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ብቻቸውን። ከዘንገና የመጣ ዘመድ አልፏቸው ሲሄድ፣ የልጅህን ሠርግ ለቅሶ አስመሰልከው ብሎ ሲስቅ ሰማሁ። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

ምግብ ቀረበ። አልበላሁም።

ጥር 18፣ ሰኞ

ጥሩወርቅ አልመጣችም። መምህራኑ ደምሴን ይረግማሉ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ራሴን ነቀነቅኩ!

የምሳ ሰዓት፣ ስልክ። ደምሴ።

«ጎበዝ» አለኝ። ድምፁ የደከመ ነው። «እኔ ዋሸሁሽ። ጊታሩ አንቺ እጅ ከቆየ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል ብዬ ነው። ምክንያት አይሆንም። አንቺም ዋሸሽኝ፣ እኩል ነን። እነዚያ ሰዎች ግን ምን አደረጉን?»

ዘጋሁበት። ስንት ሰው እያለ ይሄን የሚነግረኝ እሱ ይሁን? ጊታሩን ሰርቆኝ ሳለ እውነቱንም ከኔ ቀድሞ ተናገረው። ክፍል ገብቼ ተማሪዎቹ ላይ ያለ ጥፋታቸው ጮህኩ።

ጥር 20፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡00

ሁለት ቀን ጊታሩን አልነካሁም። ዛሬ አነሳሁት። ድምፁ እንደ ወትሮው ግሩም ነው። እሱ ምን ያውቃል።

ጥሩወርቅ ዛሬ ትመጣለች። ነገ ቅልቅል ነው፣ አባቷ ቤት፣ ዘንገና። ሙዚቀኛ አልጠሩም ይላሉ፣ አፍረዋል።

ወስኛለሁ። ደወል ሳይደወል የት/ቤቱ በር ላይ እጠብቃታለሁ። እውነቱን ከኔ አፍ ትስማ። አምፕሊፋየሩን፣ ሐጂ ያሉኝን፣ ጥሪውን የሰጠችኝ ለት አውቄ ዝም ማለቴን፣ ሁሉንም። ትምታኝ። ጓደኝነቱ ይቅር ካለችም ይቅር። ከፈቀደች ደግሞ ነገ ዘንገና ሄጄ አባቷ ፊት ቆሜ ያዋረድኩዎት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ከዚያ ተጫወቺ ካሉኝ እጫወታለሁ። ለዚህ ጊታር መብራትም ማይክም አያስፈልገውም።

ለደምሴ ግን ይቅርታ የለኝም። ጊታሩንም አልመልስም። ደውሎ እውነት ስለተናገረ ሌብነቱ አይነሳለትም፤ የሱን ነውር እሱ ይንገር፣ የኔን እኔ...

ተነሳሁ። ጥሩወርቅ በቤቴ በኩል ወደ ት/ቤት ስታልፍ በመስኮት አየኋት።